የስብ ሚዛኑ ሲቀባጥር፦ ችግሩና መፍትሄው

ከስልክ ጋር የሚገናኘው የመስታወት ሚዛን በየቤቱና በየጂሙ ገብቷል። ትወጡበታላችሁ፣ ስብ ይህን ያህል፣ ጡንቻ ይህን ያህል ይላችኋል። አንዱ ይደነግጣል፣ ሌላው ይኩራራል። ሚዛኑ ግን ስብ አይቶ አያውቅም። በአንዱ እግር ደካማ ኤሌክትሪክ ይልክና በሌላው ይቀበላል። ጡንቻ ውሃና ጨው ስላለው በደንብ ያሳልፋል፤ ስብ እምብዛም አያሳልፍም። ኤሌክትሪኩ ለማለፍ ምን ያህል እንደተቸገረ አይቶ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና ጾታ ጨምሮ ይገምታል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያስደነግጣችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወደ ግምቱ የገባው ነገር ነው።

«ጠዋት 22 ፐርሰንት፣ ማታ 26 አለኝ»

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አራት ፐርሰንት ማለት ወደ ሦስት ኪሎ ስብ ነው። በአንድ ቀን አይመጣም። የመጣውና የሄደው ውሃ ነው። ልክ ከመውጣታችሁ በፊት ግማሽ ሊትር ብትጠጡ ክብደታችሁ ይጨምራል፤ ውሃው ግን ገና ሆድ ውስጥ ስለሆነ ኤሌክትሪኩን አያግዝም። ሚዛኑም ጭማሪውን ስብ ብሎ ይቆጥረዋል። ከስፖርት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይምታታል። ላብ ሲወጣ ውሃ ስለሚቀንስ ስቡ የበዛ ይመስላል፤ የሞቀ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ስለሚያቀልለት ስቡን ያሳንሰዋል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ፣ ወይም በረመዳን ለማፍጠር የተቃረበ ሰው ቁጥርም እንዲሁ አይታመንም።

መፍትሄው፦ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ በባዶ እግር፣ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ተመዘኑ። ምንጣፍ ላይ አይሆንም። የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ ሊይዝ ስለሚችል ሴቶች ከወር ወር ተመሳሳዩን ሳምንት ቢያወዳድሩ ይሻላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ግን ጭራሽ አይውጣበት።

«በየቀኑ ያው ነው፣ ግን በፍጹም አይመስልም»

ይህን ያገኘሁት የእህቴን ልጅ ስልክ ሳይ ነው። የተወለደበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፤ አፑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ልጁ በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አርጅቷል!

ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሂሳቡን እዩት። ሚዛኖቹ ቀመራቸውን አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ የታወቀ ቀመር ግን ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜና ከጾታ ብቻ ስብን ይገምታል። ለአዋቂ በእያንዳንዱ ዓመት 0.23 ፐርሰንት ይጨምራል። ስለዚህ የስምንት ዓመት ስህተት ወደ 1.8 ፐርሰንት የውሸት ስብ ነው። እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በየዓመቱ 0.70 ይቀንሳል። ክብደቱ በኪሎ፣ በሜትር የተለካ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ሲካፈል 16 የሚሰጥ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ 18 ፐርሰንት ገደማ ይወጣለታል። በስህተት 14 ዓመት ቢባል 12 ይሆናል። ስህተቱ ትልቁን ያወፍራል፣ ትንሹን ያከሳል።

መፍትሄው፦ አፑ ውስጥ የልደት ዓመቱን አርሙ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8 ይደምር። ቁመታችሁንም ከመታወቂያ አትገልብጡ፤ ግድግዳ ላይ ተለኩ።

«ልጄ ጡንቻው በዛ አለኝ»

ዕድሜው ተስተካክሎም እንዲህ ሊል ይችላል። የአዋቂ ከስብ ውጭ ያለው አካል 73 ፐርሰንት ያህሉ ውሃ ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ወደ 80 ይጠጋል፣ ሲያድግ ቀስ እያለ ይወርዳል። የአዋቂ ቀመር ያንን ትርፍ ውሃ ጡንቻ ይለዋል። ለሕፃናት የሚሻለው ሕፃኑ ተኝቶበት የሰውነቱ መጠን በአየር የሚለካበት ዝግ ሳጥን ነው፤ ጅማ ላይ በሕፃናት ጥናት ውሏል። ይህ ግን የምርምር ዕቃ ነው። ለወላጅ ቁመትና ክብደት ከዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ አለ። ከ11.5 ሳ.ሜ. በታች ካሳየ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ ፊት ስለ ስብ ቁጥር ባታወሩ ደስ ይለኛል።

«ሯጭ ነኝ፣ 17 ፐርሰንት አለኝ»

የእግር ሚዛን የሚያየው በዋናነት እግርን ነው። ረጅምና ቀጭን ባት ለኤሌክትሪክ ጠባብ መንገድ ነው፤ ሚዛኑ ጥበቱን ስብ ሊለው ይችላል። የደደረና የደረቀ ተረከዝም ይጨምርበታል። «የስፖርተኛ» የሚለውን ምርጫ ስትነኩ ቁጥሩ ወረድ ይላል። እናንተ አልተቀየራችሁም፣ ቀመሩ ነው የተቀየረው።

ለስፖርተኛ እኔ የማምነው የቆዳ መቆንጠጫውን ነው፤ ቆዳውን ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ይዞ ውፍረቱን በሚሊሜትር ይለካል። ክንድ ከፊትና ከኋላ፣ ብራኳ ሥር፣ ወገብ ላይ ሁለት ቦታ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት፤ ስምንት ቦታ፣ ሁሉም በቀኝ በኩል። መቆንጠጫው ከያዘ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ይነበባል። የስምንቱን ድምር አንዱ አሠልጣኝ 48 ሚሊሜትር፣ ሌላው 61 ካላችሁ ቦታው ተዛንፎ ነው። በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ፣ ሁልጊዜም ያው ሰው ይለካ።

ድምሩን በሚሊሜትር ተዉት፣ ወደ ፐርሰንት አትቀይሩት። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚሠራበት መቀየሪያ የሁሉም ሰው ከስብ ውጭ ያለ አካል እፍጋት (ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል) 1.1 ነው ብሎ ይነሳል። 495ን ለሰውነት እፍጋት ያካፍልና 450 ይቀንሳል፤ የቀረው የስብ ፐርሰንት ነው። 495 ለ1.1 ሲካፈል 450 ነው፤ 450 ሲቀነስ ዜሮ። አጥንቱ የጠነከረ ስፖርተኛ ከ1.1 ካለፈ ስቡ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ የወጣላቸውም አሉ።

ዴክሳ የሚባለው ኤክስሬይ ይሻላል፣ ግን እሱም ይታለላል። ከውድድር በፊት ፓስታ ሲበላ የሰነበተ ሰው ጡንቻው ውስጥ ስኳር ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል። ማሽኑ «ጡንቻ ጨመርክ» ይላል። በባዶ ሆድ፣ ጠዋት፣ በዚያው ማሽን ተነሱ።

«ሚሊሜትሩ ወረደ፣ የወር አበባዬም ቆመ»

ይህኛው የመለኪያ ስህተት አይደለም። ከሥልጠናው ጋር የሚመጣጠን ምግብ እየገባ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል። ሦስት ወር ከቀረ መቆንጠጫው ይቀመጥና ሐኪም ዘንድ ኬጂ፤ አሠልጣኝሽም ይስማ።