ጆሮ ሥር ያለች እብጠት «ትንሽ ናት» አትባልም

«ስለማታመኝ ተውኳት።» ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ከጆሮ ፊት ወይም ከመንጋጋ ሥር የምትወጣ የምራቅ እጢ እብጠት፣ ካንሰርም ብትሆን ባትሆን፣ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አታምም። አለማመሟ ምንም ዋስትና አይደለም።

ጆሮ ደግፍ ነው ብሎ መጠበቅም አለ። ጆሮ ደግፍ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ወር ያለፈው ሌላ ነገር ነው።

ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድኃኒት መጀመርም ተለምዷል። የእጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሳይረጋገጥ ስድስት ወር ኪኒን ተውጦ እብጠቱ ሲያድግ ከርሞ የሚመጣ ሰው አለ። በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ነገር ይለያል። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ትንሽ ናት፣ አደንዝዘን ቶሎ እናውጣት» የሚል ባለሙያ! ወገኔ፣ ከጆሮ ፊት ባለው ትልቁ የምራቅ እጢ፣ በፓሮቲድ መሃል እኮ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል። ዓይን የሚከደነው፣ አፍ ፈገግ የሚለው በሱ ነው። ደግሞ እዚያ በብዛት የሚገኘው ፕሊኦሞርፊክ አዴኖማ ካንሰር ባይሆንም ሽፋኑ ሙሉ አይደለም፤ ጥቃቅን ጫፎች ወደ ውጭ ያወጣል። ፈልፍለህ ስታወጣው ጫፎቹ ይቀራሉ ወይም እብጠቱ ይፈነዳል፤ ከዓመታት በኋላ እንደ ምስር ተበትኖ ይመለሳል። ያኔ ጠባሳ ውስጥ ገብቶ ነርቩን መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ትክክለኛው መንገድ ነርቩን አስቀድሞ ማግኘት፣ ከዚያ እብጠቱን ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ማንሳት ነው። አንዲት እናት ፊታቸው ላይ ጠባሳ፣ ከሥሩ ደግሞ የተበታተነ እብጠት ይዘው መጡ። የመጀመሪያው የፓቶሎጂ ውጤት የት አለ ስላቸው «ሐኪሙ ጣለው» አሉኝ። የወጣ ሥጋ አይጣልም፣ ይመረመራል!

ካንሰር ስላልሆነ ልተወው ማለትም አያዋጣም፤ ይኸው አዴኖማ ዓመታት ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚበዛው የዋርቲን እብጠት ግን አንዳንዴ በክትትል ብቻ ይያዛል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ወጣት ሐኪሞች፣ እብጠቱ የወጣበት የምራቅ እጢ ባነሰ ቁጥር ጥርጣሬያችሁ ይጨምር። ፓሮቲድ ላይ ከሚወጣው 80 በመቶ ገደማ ካንሰር አይደለም፤ ከመንጋጋ ሥር ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ ላንቃ ላይ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ካንሰር ነው። ላንቃ ላይ ያበጠውን ሁሉ የጥርስ መግል ነው ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትጻፉ።

እብጠቱ ባለበት በኩል ፊት ከተጣመመ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ መተኛት አይቻልም። በዚያው ሳምንት ታዩ።

ክትትል ማቋረጥም አለ። አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው ካንሰር ነርቭ ተከትሎ ይሄዳል፤ ከ10 ዓመት በኋላም ሳንባ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። «ድኛለሁ እኮ፣ ደረቴን ለምን ታነሱኛላችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የምናነሳው ለዚህ ነው።