ማይኤስኪውኤል ላይ አማርኛ ሲበላሽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስክሪን አይቶ መፍረድ

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ሰላም» ብለው ያስገቡት «???» ሆኖ ሲመለስ ፊደሉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዳታው ደህና ሆኖ የተበላሸው ግንኙነቱ ብቻ ነው። ለመለየት ዓምዱን የተቀመጡትን ባይቶች በሚያሳየው በሄክስ ፈንክሽን አውጥተው ይዩት። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 (የዓለም ፊደላትን ወደ ባይት የሚቀይር ኢንኮዲንግ) 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1 ነው። «ሰ» ኢ1 88 ቢ0 ሆኖ ከወጣ ዳታው ጤነኛ ነው፤ የሚስተካከለው የግንኙነቱ ኢንኮዲንግ ነው፦ ከማንኛውም መጠይቅ በፊት «ሴት ኔምስ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ብለው ይዘዙ (ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ8 ነው)። 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ ከወጣ ግን የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። ከባክአፕ ወይም ከምንጩ እንደገና ከማስገባት ሌላ መላ የለውም። ሲ3 ኤ1 ብሎ ከጀመረ ጽሑፉ ወደ ዩቲኤፍ8 ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

በችኮላ «ኮንቨርት ቱ» ማዘዝ

«ኮንቨርት ቱ» የሰንጠረዥን ኢንኮዲንግ የሚቀይር ትእዛዝ ነው፤ ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህን በችኮላ መስጠት ነው። ዓምዱ ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኢንኮዲንግ) ተብሎ፣ ውስጡ ግን የዩቲኤፍ8 ባይቶች ተቀምጠው ሳለ ይህን ትእዛዝ ከሰጡ፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ባይት ራሱን የቻለ የላቲን ፊደል አድርጎ ይቀይረዋል። ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጽሑፍ አንዱ ምንጭም ይኸው ነው። መጀመሪያ ባክአፕ ይውሰዱ፤ ቀጥሎ ዓምዱን ወደ ቫርባይነሪ (ቴክስት ከሆነ ወደ ብሎብ)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይለውጡት። ባይነሪ ፊደል ስለማያውቅ በመሃል የሚቀየር ነገር የለም።

«ዩቲኤፍ8» የሚለውን ስም ማመን

ስሙ ያሳስታል፤ ማይኤስኪውኤል ውስጥ እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። አማርኛ ስለሚበቃው ለወራት ማንም ላይጠረጥር ይችላል። አንድ ተጠቃሚ ከስልኩ 4 ባይት የሚይዝ ኢሞጂ የላከ ቀን ግን ስህተት 1366 ይመጣል። ስህተቱን ዝም ለማሰኘት ስትሪክት ሞድን (ልክ ያልሆነ ዳታ እንዳይገባ የሚከለክለውን ቅንብር) ማጥፋት ደግሞ ዳታው ስህተት ሳያሳይ እንዲበላሽ መፍቀድ ነው። ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሲያልፉ በአሮጌ ሰርቨር ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ከ767 ባይት በላይ አይሆንም ካለዎት፣ ኢንዴክሱን ወደ 191 ፊደል ያሳጥሩት።

ዳታቤዙን ቀይሮ ጨረስኩ ማለት

«አልተር ዳታቤዝ» የሚሠራው ወደፊት ለሚፈጠሩ ሰንጠረዦች ነው። ነባሮቹ እንደነበሩ ይቀራሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መቀየር ግድ ነው። በማይኤስኪውኤል 5.7 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ስሪቶች ካልመረጡ በራሱ የሚሰጠው ኢንኮዲንግ ላቲን1 ስለነበር፣ ከአሮጌ ሰርቨር የመጣ ዳታቤዝ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

ከኤክሴል የሚመጣ ፋይልም ይፈተሽ። ተራ «ሲኤስቪ» ተብሎ ከተቀመጠ አማርኛው ገና ዳታቤዝ ሳይደርስ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ።

ሁሉን ነገር በኢንኮዲንግ ማሳበብ

ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ነው። «ፀሐይ» ብለው ሲፈልጉ «ጸሀይ» ካልመጣም ኢንኮዲንጉን አይንኩት፤ ለማይኤስኪውኤል ፀ እና ጸ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የለወጠ ተጨማሪ ዓምድ ይፍጠሩ። ተጠቃሚው የጻፈውንም በዚያው መንገድ ለውጠው እዚያ ላይ ይፈልጉ።