የቤት ጋራዥ ኮርኒስ ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግቢ ጥግ ላይ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ጋራዥ ብዙ ጊዜ መኪና አያድርበትም። አንዱ አናጢነት ይሠራበታል፣ ሌላው የብየዳ ማሽኑን ተክሎበታል፣ ሞተር ሳይክል የሚፈታታበትም አለ። ባለቤቱ ትንሽ ሲመቸው ኮርኒስ ያስመታበታል። ዓመት ሳይሞላው ኮርኒሱ ይጠቁራል፣ ይረግባል፣ ያንጠባጥባል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው የተገዛው ሰሌዳ ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ያለው ማንም ቀና ብሎ በማያየው ቦታ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰሌዳ ከመቀየራችሁ በፊት መሰላል አቁማችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ እዚያ ላይ ተመልከቱ።

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ለኮርኒስ አንድ አገር አይደሉም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ልዩነት ስለሚኖር በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ ገደማ አለ። ደሴ ላይ የኮርኒስ ጠላት ጤዛ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ግለት። ዘመድ ኮምቦልቻ ያሠራውን አይቶ ደሴ ላይ እንዳለ መድገም ከእነዚህ ችግሮች የብዙዎቹ መነሻ ነው።

ዝናብ ሳይኖር ያንጠባጥባል

ወሩ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ አድሯል። ጠዋት ጋራዡን ስትከፍቱ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠብታ፣ መጋዙ ላይ አዲስ ዝገት ታገኛላችሁ። ቆርቆሮ ሠሪ ይጠራል፤ እርሱም ያገኘውን ሚስማር ሁሉ በሲሊኮን ደፍኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ጠብታው ተመልሶ ይመጣል።

ቆርቆሮው አልተበሳም፤ አልቦት ነው። በጠራ ሌሊት ስስ ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከታች የሚወጣው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነካው እንደ ድስት ክዳን ውሃ ይቋጥራል። 20 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ እስከ 17 ግራም እንፋሎት ይይዛል፤ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ7 ግራም በላይ አይችልም። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ጋራዥ ውስጥ አየሩ እርጥበት ሞልቶት ከነበረ ልዩነቱ ተደምሮ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይወጣዋል። እርጥበቱ የሚመጣው ገና ካልደረቀ እንጨት፣ ከሥሩ ውሃ ከሚስብ የሲሚንቶ ወለል፣ ታጥቦ ከገባ መኪና ነው። ለብርዱ ላምባ የሚያነዱ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ አንድ ሊትር ላምባ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል።

መለየቱ አይከብድም። ላብ ከሆነ የሚታየው ማለዳ ሲሆን ረፋድ ላይ ይደርቃል፤ ጠብታውም በቆርቆሮው ሥር ሁሉ ተሰራጭቶ ማገሮቹን ተከትሎ ይሰለፋል። የተበሳ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ዝናብ ይጠብቃል፣ የሚያረጥበውም አንድ ቦታ ነው።

መፍትሄው አየር ማስገባት ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች አናት፣ ከኮርኒሱ በላይና ከቆርቆሮው በታች፣ በሽቦ ወንፊት የተሸፈኑ ቀዳዳዎች ክፈቱ። በግንባታ ሥራ የቆየው ስሌት የቀዳዳዎቹ ስፋት ተደምሮ የኮርኒሱን ስፋት 150ኛ እጅ ይሁን ይላል። ለ24 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቀዳዳዎች ማለት ነው፤ በዚህ ወገን ሁለት፣ በዚያ ወገን ሁለት። ወንፊቱ ግማሹን መንገድ ስለሚዘጋ ትንሽ ሰፋ ቢሉ አይጎዳም። ሁለተኛው ሥራ እንፋሎቱ ወደ ላይ እንዳያልፍ ማገድ ነው፦ ሰሌዳው ከመመታቱ በፊት በሞራሌው (ሰሌዳው በሚመታበት እንጨት) ሥር ወፈር ያለ ላስቲክ ወጥሩ፤ መገጣጠሚያው 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ በፕላስተር ይታሸግ። ቀዳዳውን ሳይከፍቱ ላስቲክ ብቻ መወጠር ግን ውሃውን ከላይ አጠራቅሞ አንድ ቀን ራሳችሁ ላይ ማፍሰስ ነው።

ቡናማ ቀለበት በአንድ ቦታ

ይህ እውነተኛው ማፍሰስ ነው። ቀዳዳውን ከቀለበቱ ቀጥታ በላይ አትፈልጉት፤ ውሃ ወራጁን (ቆርቆሮውን የተሸከመውን ተዳፋት እንጨት) ተከትሎ ስለሚንሸራተት ምንጩ ሁልጊዜ ወደ ጣሪያው አናት ባለው በኩል ነው። አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣ፣ ሌላው በውስጥ በባትሪ ይከታተል። በአብዛኛው የሚገኘው ጎማው የደረቀ ሚስማር ወይም በቆርቆሮው ሸለቆ ላይ የተመታ ሚስማር ነው። ሚስማር ቦታው ውሃ የማይሄድበት ጉብታው ላይ ነው። ቀለበቱን በፕላስቲክ ቀለም ብቻ ብትሸፍኑት ቡናማው ፈልቶ ይወጣል፤ መጀመሪያ አንድ እጅ ዘይት ቀለም ይቀባ።

ሰሌዳው ረግቧል፣ ጠርዙም አብጧል

እዚህ ላይ የዕቃ ምርጫ ነገር ይመጣል። በአካባቢያችን ለኮርኒስ የሚበዛው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ማንም አናጢ ያውቀዋል፣ ለሳሎንም በቂ ነው። ጠባዩ ግን አንድ ነው፦ አንዴ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። በሐምሌ በክፍት አይሱዙ ሐረጎን የወጣ ቺፕውድ ገና ከመመታቱ በፊት ጠርዙ ተበላሽቷል። ስትገዙ ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ጎርበጥ ካለ ተዉት።

ለመርገቡ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይመጣሉ። የሞራሌው ርቀት አንደኛው ነው። የተለመደው በየ60 ሳንቲ ሜትር ማስኬድ ነው፤ ያ ለደረቅ ቤት ይሆናል፣ ደሴ ላይ ላለ ጋራዥ ግን ወደ 40 አጥብቡት። ሁለተኛው ቺፕውዱን ከታች ብቻ ቀብቶ ጀርባውን እርቃኑን መተው ነው፤ ያልተቀባው ወገን እርጥበት ጠጥቶ ሲለጠጥ ሰሌዳው ይጣመማል። ከመመታቱ በፊት ሁለቱም ፊት፣ በተለይም አራቱም ጠርዝ ይቀባ። ለአንድ ቀን ሥራ የሚሰንፍ አናጢ «ማን ያየዋል» ይላችኋል፤ እርጥበቱ ያየዋል። ሦስተኛው ትኩስ ባሕር ዛፍ ነው። በሳምንቱ ተቆርጦ የመጣ እንጨት እየደረቀ ሲሄድ ይጠማዘዛል፣ የተመታበትንም ሰሌዳ ይዞት ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ሰሌዳ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ፍሬሙ ወርዶ በደረቀ ሞራሌ፣ አቅም ካለ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ዘንግ) መሠራት አለበት። ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራችሁ፣ ውሃ ልክ ይዛችሁ ሞራሌዎቹን አንድ በአንድ ካላስተካከላችሁ ሰሌዳው የሥራችሁን ጉድለት ሁሉ ያወጣዋል። በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉና በሊስቴሎ (በቀጭን የእንጨት ዘንግ) ሸፍኑት።

ጂፕሰም ለሚያስበው ሰው፦ 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 24 ካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ ቺፕውዱ 130 አካባቢ ይሆናል። ወራጁ ቀጭን አጠና ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይጠንክር። ብሎኑ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይግባ፣ ራሱም ወረቀቱን ሳይበሳ ትንሽ ጠልቆ ይቁም። ጂፕሰም የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ፈጽሞ አይመታም።

ከግራይንደሩ በላይ ጥቁር ነጥቦችና ትንንሽ ቀዳዳዎች

ይህን ምልክት ያየ ሰው ዛሬውኑ ሥራ ያቁም። ሌላው ችግር ገንዘብ ያስወጣል፣ ይህ ቤት ያቃጥላል።

የብየዳ ፍንጣሪ ከተነሣበት ቦታ 10 ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ብዙ ጋራዥ ላይ ደግሞ ያለው ኮርኒስ ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአቡጀዲ የተሠራ ነው። ለመኝታ ቤት አቧራ መከላከያ ሆኖ የኖረ ዘዴ ነው፣ አልንቀውም፤ ለብየዳ ቤት ግን አይሆንም። የማዳበሪያ ከረጢት 160 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ሲቃጠልም እየነደደ ይንጠባጠባል። የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ሰሌዳም አይሻልም፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ሳንባ የሚልጥ አሲድ አለበት። ከሁሉ የከፋው ግን አናጢነትና ብየዳ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ነው። ሰጋቱራው በኮርኒሱ ክፍተት እየገባ ከላይ ይከማቻል፤ አንድ ፍንጣሪ በዚያው ክፍተት ሾልኮ ይገባና ሰዓታት ሲጤስ ቆይቶ ሰው ከተኛ በኋላ ይነድዳል። ለነቀዝና ለምስጥ ብለው ሞራሌውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። ብየዳ በሌለበት ቤት ይሁን እንበል፤ ከብየዳ በላይ ግን እንጨቱን ለእሳት ማዘጋጀት ነው።

ብረት የምትሠሩ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። ጂፕሰም አንዱ ነው፤ ከክብደቱ አምስተኛው እጅ ገደማ በውስጡ የታሰረ ውሃ ስለሆነ እሳት ሲደርስበት ያ ውሃ እስኪተንን ድረስ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው በብረት ፍሬም ላይ የተመታ ላሜራ ወይም ቆርቆሮ ነው። ለሙሉው ክፍል አቅም ካነሰ ቢያንስ ከብየዳው ጠረጴዛ በላይና በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ሜትር ያህል ይሸፈን፣ ክፍተቱም ሁሉ ይደፈን። በጣም ርካሹ መፍትሄ ግን ብየዳውን ከቤት አውጥቶ ግቢ ውስጥ በዳስ ሥር መሥራት ነው። ሥራ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ፣ አሽትቱ፣ ወደ ላይ እዩ፣ ከዚያ ቆልፉ።

ኮርኒስ ከተመታ ወዲህ ራስ ያማል

ቀድሞ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የነበረው ክፍተት ሳታውቁት የጭስ መውጫችሁ ነበር። ኮርኒሱ ዘጋው። ደሴ ላይ በብርድ በሩን ገርበብ አድርጎ የከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መልእክቱ ናቸው። ከኮርኒሱ በታች፣ በትይዩ ግድግዳዎች ላይ፣ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ብሎ የማይዘጋ መተንፈሻ ይከፈት። እነዚህ ከላይ ካልኳቸው ቀዳዳዎች የተለዩ ናቸው፤ እነዚያ ለቆርቆሮው ነበሩ፣ እነዚህ ለእናንተ። ምድጃው ግን ከነጭራሹ ውጭ ይቅር፤ የሞተር ሙከራም በር ተዘግቶ አይደረግም።

ኮምቦልቻ፦ ከሰዓት በኋላ አይሠራበትም፣ የፒቪሲው ኮርኒስም ተንጋዷል

በፀሐይ የዋለ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ግለቱም በጨረር መልክ ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል። ከላይ የተናገርኩት ቀዳዳ እዚህም ይሠራል፣ ከጣሪያው አናት አጠገብ ሌላ መውጫ ሲጨመርለት ደግሞ ይበልጥ። ጣሪያውን ነጭ መቀባት ከሁሉም ርካሽ ነው። የሚያብረቀርቅ ፎይል ያለው ምንጣፍ የምታስገቡ ከሆነ ከሚያብረቀርቀው ፊት ፊት ለፊት ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ተዉ፤ ተጣብቆ ከተመታ ከንቱ ነው።

የፒቪሲው መንጋደድ ሌላ ምክንያት አለው። 3 ሜትር የሆነ ሰሌዳ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግድግዳ ከግድግዳ ጥብቅ ተደርጎ ከገባ መሄጃ ስለሌለው ይጎብጣል። ጫፉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በጠርዝ መሸፈኛው ውስጥ ይደበቅ። ብየዳ በሌለበት ጋራዥ ፒቪሲ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ውሃም አይፈራም።

ዝናብ ሲዘንብ መነጋገር አይቻልም

ኮርኒስ ተመትቶም ጩኸቱ ካልቀነሰ ወይ ሰሌዳው ቀላል ነው፣ ወይ ክፍተት አለ። ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ድፍንነት ነው፤ በዚህ ጂፕሰም ከቺፕውድ ይበልጣል፣ ፒቪሲ ደግሞ ምንም አይረዳም። ዙሪያውን በስቱኮ ወይም በሲሊኮን ድፈኑ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ድምፅ አያስቀርም፤ እሳት ግን ይወዳል። ጭድ መሙላትም ለአይጥ ቤት መሥራት ነው።

ሞተር ከተሰቀለ በኋላ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ

ሰንሰለት ጣሪያው አግዳሚ ላይ አስረው ሞተር የሚያነሱ አሉ። ያ እንጨት የተቀመጠው ለቆርቆሮና ለኮርኒስ እንጂ ለ150 ኪሎ ብረት አይደለም። መሬት ላይ የቆመ የራሱ የብረት እግር ይሠራለት። ስንጥቁን በስቱኮ ከመድፈናችሁ በፊት አግዳሚው መጋጠሚያው ላይ ተላቅቆ እንደሆነ እዩ።

አምፖሉ ይርገበገባል፣ ከላይም ኮሽታ አለ

ሁለቱ አብረው ከመጡ አይጥ ሽቦ እየበላ ነው። ቆጣሪውን አጥፉና ግቡ። ሽቦው ሁሉ በኮንዲዩት (በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ይለፍ፣ መገጣጠሚያው በሳጥን ውስጥ ይሁን፣ የግድግዳው ቀዳዳዎችም በሽቦ ወንፊት ይዘጉ፤ በላስቲክ ወንፊት ግን አይጥ ይሳለቃል። ለዚህ ሁሉ መግቢያ ያስፈልጋል፦ ኮርኒሱ ሲሠራ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሚከፈት ክዳን አናጢው እንዲተው ንገሩት፣ ቦታውም ከብየዳው ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ወራጆች መካከል ይሁን።