ባዝራን በሲሪንጅ ማለብ

ውርንጭላው በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጠባ፣ እንገሩን አልቦ መስጠት የግድ ነው። ግን የባዝራ ጡት አጭር ስለሆነ በእጅ ማለቡ ያስቸግራል። መላው ይኸውላችሁ፦ አዲስ የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ። መርፌ የሚሰካበትን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ። መግፊያውን አውጡና በተቆረጠው በኩል መልሳችሁ አስገቡት። ያልተቆረጠውን ለስላሳ አፍ ጡቷ ላይ ግጠሙና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በቃ፣ ይታለባል። የታለበውን በጡጦ አጥቡት። አፉ ውስጥ እንዳታንቆረቁሩበት፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ለምን ይቸኮላል? ውርንጭላ ማህፀን ውስጥ ሳለ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ደም አያገኝም። የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ደግሞ ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ እስኪነጋ እንጠብቅ አይባልም።

ባዝራዋ ከአህያ ተጠቅታ በቅሎ ከወለደች ግን ተጠንቀቁ። በተለይ ቀድሞ የወለደችው ግልገል ጠብቶ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ሆኖ ከደከመ ወይም ከሞተ፣ የእሷን እንገር አትስጡ። እንገሩ የግልገሉን ቀይ የደም ሴሎች ሊያጠፋ ይችላል። በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር ፈልጉ፤ የእንስሳት ሐኪምም ቶሎ ጥሩ።