አስትሮይድ ቢመጣብንስ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞር የህዋ ድንጋይ ነው። «ወደ ምድር ቢመጣ በኒውክሌር ያጋዩታል» የሚል ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ድንጋዩ ቢፈረካከስም መንገዱን ካልሳተ ስብርባሪው ወደ እኛው ነው የሚመጣው። የሚፈለገው ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው።

ትንሽ ስንል ምን ያህል? በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ቢገፉት፣ በደፈናው ሲሰላ፣ በ10 ዓመት 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ይላል። የምድርን ግማሽ ስፋት ማለት ነው። ሊመታን አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ ግን ያው ግፊት 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚያርቀው። «የትኛው መሣሪያ?» ብሎ መጀመርም ስለዚህ ስህተት ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን ቀድሞ የሚያይ ቴሌስኮፕ!

«የፊልም ወሬ ነው» የሚሉም አሉ። ኧረ ተሞክሯል! በ2015 ዓ.ም. የደመራ ዕለት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የናሳዋ ዳርት መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለ አስትሮይድ ጋር ተላተመች። ከምድር 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየበረረች። ቦምብ አልያዘችም፤ መሣሪያው ራሷ ነበረች። 160 ሜትር ገደማ የሚሆነው ድንጋይ ትልቁን አስትሮይድ ዲዲሞስን ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ 32 ደቂቃ ያህል አጠረለት። የሚገርመው፣ ወደ ኋላ የተስፈነጠረው ፍርስራሽ ከምቱ ይበልጥ ገፍቶታል።

ኒውክሌር ጨርሶ አይሆንም ማለትም ልክ አይደለም። ጊዜ ካጠረ ወይም ድንጋዩ ከገዘፈ አማራጭ ነው። ግን ህዋ ላይ አየር ስለሌለ የፍንዳታ ነፋስ የለም። ከአጠገቡ ሲፈነዳ ጨረሩ የድንጋዩን ገጽ ያተነዋል፤ የሚገፋውም ትነቱ ነው። ቦምቡን ምህዋር ላይ አስቀምጦ መጠበቅን ደግሞ የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) የህዋ ስምምነት ይከለክላል። ደግ አደረገ፤ እኔ ከድንጋዩ ይልቅ ቦምቡን እፈራለሁ።

በመቶኛ መደንገጥም አለ። 2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ በ2032 (እ.ኤ.አ.) ምድርን የመምታት ዕድሉ 3 በመቶ ደርሶ ነበር። ክትትሉ ሲቀጥል ወደ ዜሮ ወረደ።

የመጨረሻው ስህተት መስኮት ላይ መቆም ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው ድንጋይ ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከፀሐይ አቅጣጫ ስለመጣ ቀድሞ ያየው የለም። ብርሃኑን ያየ ሁሉ መስኮት ላይ ተሰበሰበ። ከደቂቃ በላይ ቆይቶ የፍንዳታው ሞገድ ሲደርስ መስታወቱ ረገፈ፤ 1,500 ያህል ሰው ተጎዳ፣ ብዙው በስባሪ መስታወት። ሰማዩ ድንገት ቦግ ካለ ከመስኮት ይራቁና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።