የማላካን ቤተ መቅደሶች ስትጎበኙ እነዚህን አታድርጉ

ማሌዢያ ስኖር ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ማላካን አሳየን ይለኝ ነበር። ከኳላ ላምፑር በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አሮጌ የንግድ ወደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1511 ፖርቹጋሎች ያዟት፣ በ1641 ሆላንዶች ነጠቋቸው፣ ኋላ እንግሊዞች መጡ። የሂንዱው ቤተ መቅደስ፣ መስጊዱና የቻይናዎቹ ቤተ መቅደስ አንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ቆመዋል። የእግር መንገዱ ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዶቼ ግን እዚያችው ላይ ያልሠሩት ጉድ የለም።

በጫማ እንጀምር። ሐበሻ ጫማ ማውለቅ አይከብደውም። ችግሩ ማውለቅ የሌለበት ቦታ ማውለቁ ነው። በስሪ ፖያታ ቪናያጋር ሙርቲ፣ ማለትም በሂንዱው ቤት፣ ጫማ በር ላይ ይቀራል። በቻይናዎቹ ቼንግ ሁን ቴንግ ግን በጫማ ነው የሚገባው። አንዱ እንግዳዬ እዚያ ካልሲውን ጭምር አውልቆ የእጣን አመድ ሲረግጥ ዋለ። ሂንዱው ቤት ደግሞ ጠዋት ሂዱ። ቀትር ላይ የግቢው ወለል ምጣድ ነው፤ ብዙዎቹ የሂንዱ ቤተ መቅደሶችም እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ።

የቻይናዎቹ በር ከፍ ያለ ደፍ አለው። ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ እጣን። ቼንግ ሁን ቴንግ በ17ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ ነው። ዋናዋ ባለቤት ጓንዪን፣ የምሕረት እመቤት ናት። ሰው እዚያ የሚቆመው ለታመመ ልጁ፣ ለፈተናው፣ ለሞተ አባቱ ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ጽና የሚይዘው ካህኑ ነው። እዚያ ግን ማንም ሦስት እንጨት እጣን ለኩሶ ይቆማል። እንግዳዬ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? እፍኝ ሙሉ አንስቶ ለፎቶ ይለኩሳል! «ጭሱም ይግባ» ይለኛል። አንዱ እንዲሁ ለፎቶ ሲሽከረከር የጋለው አመድ ከኋላው የምትጸልይ ሴት ክንድ ላይ አረፈ። እሷ ምንም አላለችም። ይቅርታ ስጠይቅ የዋልኩት እኔ ነኝ። ወገኖቼ፣ የማትጸልዩ ከሆነ እጣኑን አትንኩት። ማንም አያስገድዳችሁም። ዳር ቆማችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ድራጎኖቹና አበቦቹ ከሲኒ ስባሪ ተለጣጥፈው የተሠሩ ናቸው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በጉጉት ለኩሼ ነበልባሉን በአፌ እፍ አልኩት። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው በእጅ እያራገቡ ማጥፋቱን አሳዩኝ። የሰው ትንፋሽ መባውን ያረክሳል ይባላል።

«ጣዖት» እያላችሁ አትጠቁሙ። አማርኛ የሚሰማ ባይኖርም ጣት ቋንቋ አያስፈልገውም። ስዋስቲካ፣ ማለትም ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል መሰል ምልክት፣ ስታዩም «ናዚ!» ብላችሁ አትደንግጡ። በሂንዱም በቡድሃም ቤት የተለመደ ነው፤ ከሂትለር ብዙ ይቀድማል። ላሊበላ ቤተ ማርያም መስኮት ላይም ተፈልፍሏል።

ያያችሁት ሂንዱ ሁሉ ከሕንድ ገና የመጣ አይምሰላችሁ። እኔ አንዷን ሴት «ከየትኛው የሕንድ ክፍል ነሽ?» ብዬ አፍሬአለሁ። ቺቲ ናት። ቺቲዎች የድሮ የታሚል ነጋዴዎችና የአገሬው ሴቶች ዘር ናቸው፤ ሂንዱ ናቸው፣ የሚናገሩት ማላይኛ ነው። ቤተ መቅደሱም በ1781 የተሠራው ሆላንዶች ለቺቲዎቹ አለቃ በሰጡት መሬት ላይ ነው።

ውስጠኛው ክፍል የካህኑ ነው፤ የእኛን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ የሚያውቅ ሰው ይህንን አይስተውም። ካህኑ የሚሰጣችሁን በቀኝ እጅ ተቀበሉ። ካልፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ አትቀበሉ እንጂ ይዛችሁ ወጥታችሁ አትጣሉት። የጓደኛዬን እናት ይዤ የሄድኩ ጊዜ ካህኑ ነጭ አመድ መዳፋቸው ላይ አደረገላቸው። ግንባር ላይ የሚቀባ ነው። እማማ ቁርጥ እምነት መሰላቸው። ግንባራቸውን ቀቡ፤ ከዚያ «በስመ አብ» ብለው የተረፈውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካህኑ ግን ሳቀና ደገማቸው። እማማ ወደ እኔ ዞረው «ጠበል የለም እንዴ?» አሉኝ።