ስሟ የት ገባ? የተረሱ ሴቶችን ከታሪክ ጠርዝ ፈልጎ ማግኛ

ማርች 8 በደረሰ ቁጥር ያው ስሞች ይመጣሉ። ማሪ ኩሪ፣ ክሊዮፓትራ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል። ያው ፎቶ፣ ያው ጥቅስ። እነሱን የሚጠላ የለም፤ ግን ስለ ማሪ ኩሪ የሚጽፍ ሺኛ ሰው መሆን ምን ይፈይዳል? ይኼ ጽሑፍ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃትን ሴት ራሱ ፈልጎ አግኝቶ፣ ሳያጋንን መጻፍ ለሚፈልግ ነው። የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም። ትዕግሥትና ትንሽ ጥርጣሬ ይበቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። "ስሟ ጠፍቷል" ሲባል ብዙ ጊዜ አልጠፋም። አለ። ግን ሰው ዓይኑን በማይጥልበት ቦታ ነው ያለው፤ ከገጹ ግርጌ፣ ከምስጋናው መስመር፣ ከፎቶው ጠርዝ፣ ከባሏ ስም ሥር። ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን ማየት ልመዱ።

ከፎቶ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤንያክ የሚባል ኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉት። ክፍል የሚሞላ ማሽን ነው፣ ሽቦ በሽቦ የሆነ፣ ፊቱ ወጣት ሴቶች ቆመዋል። በ1980ዎቹ ካቲ ክላይማን የምትባል ተማሪ ፎቶዎቹን አየችና "እነዚህ እነማን ናቸው?" ብላ ጠየቀች። ሞዴሎች ናቸው ተባለች። በማስታወቂያ ላይ ፍሪጅ ከፍተው ፈገግ እንደሚሉት ሴቶች፣ ማሽኑን ለማሳመር የቆሙ። እሷ ግን አልተዋጠላትም፣ መቆፈር ጀመረች። ሴቶቹ የማሽኑ ፕሮግራመሮች ሆነው ተገኙ። ስድስት ነበሩ፦ ኬይ ማክነልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስ እና ሩት ሊክተርማን። የፕሮግራም ቋንቋ የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ ማሽኑን የተማሩት ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው።

ስለዚህ አሮጌ ፎቶ ስታገኙ ሁለት ነገር ቁጠሩ፤ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎችና ከሥሩ የተጻፉትን ስሞች። ቁጥሩ ካልገጠመ ሥራ አገኛችሁ ማለት ነው። ከዚያ እጇን ተመልከቱ። ለካሜራ የቆመ ሰው እጅ ባዶ ነው፣ ወይም እንዲያው የሆነ ነገር ነካ አድርጎ ነው የሚቆመው። ሥራ ላይ ያለ ሰው እጅ ግን ያስታውቃል።

ስም ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሴቶች በትዳር ምክንያት ስም በሚቀይሩባቸው አገሮች አንዷ ሴት ሦስት ሰው ትሆንባችኋለች። ቤቲ ጄኒንግስ በኋላ ጂን ባርቲክ ተብላለች፤ ሁለቱን ስሞች አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚገምት የለም። ቤቲ ስናይደር ሆልበርተን ሆነች። ኬይ ማክነልቲ መጀመሪያ ማውችሊ፣ ቀጥሎ አንቶኔሊ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የልደት ስሟን፣ የእያንዳንዱን ባል ስም፣ የቁልምጫ ስሟን፣ በአንድ ፊደል ያጠረውን ስሟን ሁሉ እጽፍና አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። አሰልቺ ነው። ግን ብዙው ነገር የሚገኘው እዚህ ነው። አንዳንዷ ጭራሽ በወንድ ስም ነው የምትገኘው፤ ዣን ባሬ በ1766 በተነሳው የፈረንሳዊው መርከበኛ የቡገንቪል የባሕር ጉዞ መርከብ ላይ የተሳፈረችው ወንድ መስላ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው የኮመርሶን ረዳት ሆና ነው። ዓለምን ዞራ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ መሆኗ የሚታመነው ዛሬ ነው፣ ያኔ ግን ዓይን ሁሉ ሲያይ የነበረው አንድ ወጣት አገልጋይ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ እንሂድ፣ ወደ ምስጋናውና ወደ ግርጌው። በድሮ የሳይንስ ጽሑፎች ላይ ደራሲው መጨረሻ ላይ "ስሌቱን ለሠራችልኝ ለወይዘሮ እገሌ አመሰግናለሁ" ይላል። ስሌቱ እኮ አንዳንዴ የጽሑፉ ግማሽ ነው! ዋተርሰን የተባለው ሊቅ በ1975 ባወጣውና የዘረመል ተመራማሪዎች እስካሁን በሚጠቀሙበት ጽሑፍ ላይ ማርጋሬት ዉ የምትባል ሴት የምስጋናው መስመር ላይ አለች፣ ደራሲ ተብላ ግን አልተጻፈችም። እሷን ያገኟት ተመራማሪዎች ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ የአንድ መጽሔት የ20 ዓመት ምስጋናዎች እያነበቡ ማን ለምን እንደተመሰገነ መዘገቡ።

የአሊስ ቦልን ታሪክ ደግሞ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በ1892 የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ኬሚስት ናት። ሃዋይ ውስጥ በ1915 ማስተርሷን ስታገኝ ከኮሌጁ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊም ነበረች። ያኔ ለሥጋ ደዌ ይሰጥ የነበረው ቻልሙግራ የሚባል የዛፍ ፍሬ ዘይት ነው። ሲጠጣ ያስመልሳል። በመርፌ ሲሰጥ ከቆዳ ሥር ይጓጉልና ያሳብጣል። አንድ ሐኪም፣ ሃሪ ሆልማን፣ እስቲ መላ በዪው አላት። እሷም ዘይቱን ሰውነት ሊቀበለው በሚችል መልክ ለውጣ በመርፌ እንዲሰጥ አደረገች። ይህን ስታደርግ ገና ሃያዎቹን መጀመሯ ነው። በ1916 ማብቂያ፣ ግኝቷን ሳታሳትም፣ በ24 ዓመቷ ሞተች። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አርተር ዲን ሥራውን ቀጠለ፣ አሳተመ፣ ስሟን አላነሳም፤ ሕክምናውም "የዲን ዘዴ" ተባለ። ታዲያ ማን አተረፋት? ያው ሆልማን። በ1922 ባወጣው የሕክምና ጽሑፍ "የቦል ዘዴ" ብሎ ጻፈ። ያ ጽሑፍ በአስርት ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ተኝቶ፣ ቆይቶ የመጡ ተመራማሪዎች አቧራውን አራገፉለት፤ በ2000፣ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ካለ የቻልሙግራ ዛፍ ሥር ስሟ ያለበት ሰሌዳ ተተከለ። ከዚህ የሚወሰደው ዘዴ ይኼ ነው፦ አንድ ነገር በወንድ ስም ሲጠራ፣ ያ ስም ከመለጠፉ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት አንብቡ።

የእጅ ጽሑፍም አለ። በ1970 ፓሪስ ውስጥ "ኤፍ. ሜንደልሶን" የሚል አንድ የፒያኖ ሥራ ተገኘ። ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ፌሊክስ ሜንደልሶን ነው ተባለ፣ ሌላ ማን ሊሆን? በ2010 አንጄላ ሜስ የተባለች ተመራማሪ ወረቀቱን ራሱን አየችው። የእጅ ጽሕፈቱ የእህቱ የፋኒ ነበር፤ የገጽ ቁጥሮቹም ከፋኒ ደብተር ተቀድደው የጎደሉት ገጾች ላይ ልክ ገጠሙ። የገጽ ቁጥር ብቻ! በሌላ ሥራዋ ላይ ፌሊክስ ራሱ እኮ ሳይወድ አምኗል፤ በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ከመዝሙሮቹ በጣም የምወደው ይኼን ነው ብላ ስትዘፍንለት፣ የእህቴ ነው ማለት ግድ ሆነበት።

አንዳንዴ ደግሞ ሴትየዋ ራሷ የራሷን ሥራ ስትክድ ታገኟታላችሁ። ሴሲሊያ ፔይን በ1925 የዶክትሬት ጽሑፏ ላይ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን ሒሳቡ አሳያት፣ ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ይህ እውነት ሊሆን አይችልም ብላ ጻፈች። ለምን? ረቂቁን ያየው ታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ረስል አይሆንም ስላላት። በ1929 ረስል በራሱ መንገድ እዚያው መልስ ላይ ደረሰ፣ ጭብጨባው ለሱ ሆነ። እና አንዲት ጠንቃቃ ሴት ድንገት ወደኋላ ስትል ካያችሁ፣ ረቂቁን መጀመሪያ ያነበበው ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

ከባዱ ነገር ምንም ያልጻፉትን መፈለግ ነው። ባሪያ የነበሩትን፣ ፊደል ያልቆጠሩትን። እዚህ ላይ የሚረዳችሁ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የግብር ደብተር፣ አንዳንዴም የበደላቸው ሰው ራሱ የጻፈው ነው። አናርቻ፣ ሉሲና ቤትሲ የሚባሉትን በባርነት ያሉ ሴቶች ስም የምናውቀው በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ለፊስቱላ ሕክምና ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ከቀደዳቸው ከዶክተር ሲምስ ብዕር ነው። አናርቻ ብቻዋን 30 ጊዜ ገደማ። ጽሑፉ የሱ ዝና ነው፤ እናንተ ግን ከሱ ላይ የእነሱን ቀን፣ ቦታና ቁጥር ለቅማችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለምስጋና የተጻፈም እንደዚያው ነው። የወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1672፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ ሲጻፍ ዓላማው ቅድስናዋን ማሳየት ነበር። ከተአምሩ መሃል ግን ከባሏ እንዴት እንዳመለጠች፣ ከመነኩሲት ጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር እንዴት እንደኖረች ተጽፏል። እኔን የሚስበኝ ይኼኛው ነው።

አሁን የማይወደደውን ልናገር። የተረሳች ሴት ስናገኝ ማጋነን እንወዳለን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ "ዋይፋይን የፈጠረችው ተዋናይት" የሚል ፖስት ሼር አድርጌ ላይክ ዘንቦልኛል። ልክ አልነበረም። ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር ሆና ቶርፔዶን የሚመራ የሬዲዮ ምልክት ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለለ እንዳይታፈን የሚያደርግ ዘዴ በ1942 ፓተንት አውጥታለች (ፓተንቱ ላይ ያለው ስም ሄዲ ኪስለር ማርኪ ነው፣ ያልኳችሁን የስም ወረቀት አስታውሱ)። ይኼ ብቻውን ድንቅ ነው። ዋይፋይ ግን የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። "ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ኖቤል ተከለከለች" የሚለውም እንዲሁ። ያረፈችው በ1958 ነው፣ ለዲኤንኤ ቅርጽ ግኝት ሽልማቱ የተሰጠው በ1962፣ ለሞተ ሰው ደግሞ አይሰጥም። የሷ በደል ሌላ ነው፤ የዲኤንኤ ኤክስሬይ ምስሏን ሳታውቅ ለሌሎች ማሳየታቸው። ስለ ኖቤል መናደድ ከፈለጋችሁ ሊዘ ማይትነር አለችላችሁ፤ ኒውክሌር ፊሽንን (የአቶም እምብርት መሰንጠቅን) አብራ አስረድታ የ1944ቱ የኬሚስትሪ ሽልማት ለኦቶ ሃን ብቻ ሲሰጥ በሕይወት ነበረች።

ስትጽፉ "የመጀመሪያዋ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ካላጣራችሁ አትጠቀሙ። "የእንትን እናት" የሚለውንም ተዉት፣ ሁሉም ሴት ሳይንቲስት የአንድ ነገር እናት ሆና አለቀች እኮ። የደረሰባትን ከማውራታችሁ በፊት የሠራችውን አሳዩ፣ በእጅ የሚዳሰስ አድርጋችሁ። ዩኒስ ፉትን ተመልከቱ። በ1856 ርዝመታቸው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የመስታወት ሲሊንደሮች ወሰደች፣ በየውስጣቸው ሁለት ሁለት ቴርሞሜትር አስቀመጠች፣ የተለያየ ጋዝ እየሞላች ፀሐይ ላይ አቆመቻቸው። ተራው አየር 106 ፋራናይት ደረሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 125። ከፀሐይ ሲነሳም ለመቀዝቀዝ ብዙ ቆየ። ከባቢ አየራችን ውስጥ ይህ ጋዝ ቢበዛ ምድር ትሞቃለች ብላ ጻፈች። ለዚህ ግኝት ሲመሰገን የኖረው ጆን ቲንዳል ሥራውን የጀመረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እርግጥ እሱ የለካው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ዓይነት ነው፣ የሷ መሣሪያ ያንን ለይቶ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ይህንንም ጻፉት፣ አያሳንሳትም።

ፉትን በ2011 ወደ ብርሃን ያመጣት ሬይ ሶረንሰን የሚባል ጡረታ የወጣ የነዳጅ ጂኦሎጂስት ነው። ያገኛት የድሮ የሳይንስ ዓመታዊ መጽሐፍ ሲያነብ ነው። እንደዚህ ዓይነት መጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ስካን ተደርገው በነፃ ተቀምጠዋል። አንዱን አውርዱ። መፈለጊያው ሳጥን ላይ ምንም አትጻፉ፣ ከማውጫው ጀምሩ። "ወይዘሮ" (Mrs.) ወይም "ወይዘሪት" (Miss) የሚል የቀደመውን ስም ሁሉ ምልክት አድርጉበት፣ ከመካከላቸው ሰምታችሁ የማታውቁትን አንዱን ምረጡና ወደ ገጹ ሂዱ።